አንድ ዘር፣ ብዙ ቀለም

ዓይን ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው ቀለምን ነው። ቅርጽን ለመለየት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ክብደትን ለማወቅ በእጅ መያዝ፣ ውስጥን ለማየት መክፈት የግድ ነው። ቀለም ግን ሳይጠሩት ይመጣል። በባሕር ዳር አሸዋ ላይ ከተበተኑት ዛጎሎች መካከል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው ቢጫውን፣ ሮዙን፣ ሐምራዊ ጨረር የተሰመረበትን ነው፤ ነጩንና ግራጫውን ረግጦ ያልፋል። በዚህ ማንም አይወቀስም፤ ውበት ሰውን የምታስቆመው እንዲህ ነውና። ጥንቃቄ የሚያሻው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዓይን የወደደውን ልቡና ዕውቀት አድርጎ ሲቀበለው። «ይህ ከዚያ ይለያል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ስለዚህ ይህ ሌላ ዝርያ ነው» ማለት ሌላ። ከመጀመሪያው ፍርድ ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ካስተማሩን ፍጥረታት አንዱ፣ በጭቃና በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖረው ክላም ነው።

ክላም አጥንት የለውም፤ ራስም የለውም። ለስላሳ አካሉን በሁለት ክዳኖች መካከል ሸሽጎ፣ በጡንቻ እግሩ አሸዋውን እየሰነጠቀ ወደ ታች ይገባል። ሁለት ቱቦዎች ወደ ላይ ይልካል፤ ባንዱ ውኃ ይስባል፣ በሌላው ያስወጣል፤ ምግቡንም አየሩንም የሚያገኘው ከዚያ ውኃ ነው። እንዲህ ተቀብሮ የሚኖር ክላም መልክ የሚለይበት ዓይን የለውም፤ የራሱንም የጎረቤቱንም ቀለም ሳያይ ኖሮ ይሞታል። ሆኖም ከጭቃው አውጥተን ስናጥበው በክዳኑ ላይ ጨረር፣ ቀለበት፣ ነጠብጣብ፣ የመብረቅ ዓይነት ስብራት ያለው መስመር እናገኛለን። ማንም እንዲያየው ያልታሰበ የሚመስል ጌጥ፣ በጨለማ ውስጥ፣ ዓመት ከዓመት ሲሠራ የኖረ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለቀጣዩ ሐሳብ ሁሉ መሠረት ስለሆነ እዚህ ላይ መቆየት ይገባል። ዛጎል የሚያድገው በጠርዙ ነው። ከክዳኑ ሥር የተዘረጋው ስስ ሥጋ በዳሩ በኩል ኖራማ ንጥረ ነገር እያመነጨ በየጊዜው አዲስ ጠርዝ ይጨምራል፤ ቀለም የሚሰጡት ሴሎችም እዚያው ዳር ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። አንድ ሴል ሳያቋርጥ ቀለም ቢሰጥ ከዛጎሉ አናት ወደ ጠርዙ የሚወርድ ጨረር ይወጣል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሰጥተው ባንድ ጊዜ ቢያቆሙ የጠርዙን ዙሪያ የሚከተል ቀለበት ይሆናል። ቀለም የመስጠቱ ተራ ከአንዱ ሴል ወደ ጎረቤቱ እየተላለፈ ከሄደ ሰያፍ መስመር ይሠራል፤ ከግራና ከቀኝ የመጡ ሰያፎች ሲገጥሙ ደግሞ ጥርስ ጥርስ ያለው ወጣ ገባ መስመር ይፈጠራል። ሸማኔ ጥለት የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ማግ በማግ ላይ እየጨመረ፣ በየረድፉ ቀለሙ በየትኛው ድር ላይ እንደሚያርፍ እየወሰነ ይሄዳል እንጂ ጥለቱን ሁሉ ባንድ ጊዜ አይሥለውም። ጀርመናዊው ሐንስ ማይንሃርት እ.ኤ.አ. በ1995 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ስለ ባሕር ዛጎሎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጎረቤት ሴሎች እርስ በርስ የሚነቃቁበትና የሚገታቱበት ቀላል ሕግ ብቻውን ይህን ሁሉ ሥዕል ሊያወጣ እንደሚችል በኮምፒውተር ስሌት አሳይቷል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። በዛጎል ላይ የምናየው ሥዕል የጊዜ መዝገብ ነው፤ አናቱ ሕፃንነት፣ ጠርዙ ትናንት። በዚህ መዝገብ ላይ ሴሎቹ ተራ የሚቀባበሉበት ፍጥነት ትንሽ ቢለወጥ፣ የሚወጣው መልክ ከቀድሞው ፈጽሞ የተለየ ሊሆን ይችላል። ሁለት ዛጎሎች በመልክ በጣም ሲራራቁ ምክንያታቸው በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዓይን የልዩነትን ስፋት ይለካል፤ የምንጩን ጥልቀት ግን አይለካም።

ይህን አደጋ ቀደምት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ያውቁት ነበር። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1751 ባሳተመው የዕፅዋት ጥናት መጽሐፉ፣ ተማሪዎቹ ዝርያን በቀለም ለመለየት እንዳይቸኩሉ አስጠንቅቋል፤ ያው አበባ ባንዱ ቦታ ሰማያዊ፣ በሌላው ነጭ ሆኖ ይፈነዳልና። ይኸው ሰው በ1758 ለእንስሳት ስም ባወጣበት ታላቅ ሥራው፣ ከሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ የመጣ አንድ ወፍራም ክላም ሰየመ። ክላሙ በአገሩ ኳሆግ ይባላል። ከካናዳው የሴንት ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ እስከ ፍሎሪዳ ድረስ ጥልቀት በሌለው ባሕር ጭቃና አሸዋ ውስጥ ይኖራል፤ ዕድሜው ከ100 ዓመት ያለፈም ተገኝቷል። ከውጭ ሲያዩት ጌጥ የሌለው ነው፤ ነጭ፣ ግራጫ ወይም የጭቃ መልክ አለው። ሲከፍቱት ግን ከጠርዙ በኩል ሐምራዊ ጥላ ያጠላበታል። የዚያ አገር ቀደምት ሕዝቦች ይህን ሐምራዊ ክፍል እየቆረጡ፣ እየሞረዱና እየበሱ ለቃል ኪዳን፣ ለሐዘንና ለሰላም የሚለዋወጡትን ክቡር ዶቃ ሠርተውበታል።

ከኳሆጎች መካከል አልፎ አልፎ አንዱ ለየት ብሎ ይገኛል። በነጩ ክዳኑ ላይ ቀይ ቡናማ፣ ወጣ ገባ መስመሮች ተሰብረው ይወርዳሉ። ያየው ሰው አይረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1822 ቶማስ ሴይ ይህን ክላም ከኳሆግ ለይቶ ራሱን የቻለ ዝርያ አደረገውና ኖታታ ብሎ ሰየመው። ሴይ ዝም ብሎ የሚፈርድ ሰው አልነበረም። በ1787 በፊላዴልፊያ ተወልዶ፣ በ1812 የከተማዋን የተፈጥሮ ሳይንስ አካዳሚ ከመሠረቱት አንዱ ሆኖ፣ በአሜሪካ የዛጎልና የነፍሳት ጥናት አባት እስከመባል የደረሰ ነው። ያየውን በጥንቃቄ አይቷል፤ መስመሮቹም በእርግጥ አሉ። ልዩነቱ እውነት ነበረ። ያልተመረመረው የልዩነቱ ትርጉም ነው።

በዚያው ዓመት በዚሁ ሰው እጅ የተሠራ ሌላ ሥራ አለ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ባስቀመጥኳቸው ቁጥር ልቤ ይመሰጣል። ሴይ ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ሌላ ትንሽ ክላም ገልጧል። ኮኪና ይሏታል። ርዝመቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ማዕበል በሚመላለስበት እርጥብ አሸዋ ላይ በሺዎች ተሰብስባ ትኖራለች። ቀለሟ ማለቂያ የለውም፤ ነጭ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ አለ፤ አንዳንዷ ከአናቷ የሚፈነጥቅ ጨረር አላት፣ አንዳንዷ ቀለበት፣ አንዳንዷ ሁለቱም። ከሁለት ኳሆጎች ይልቅ ሁለት ኮኪናዎች በመልክ እጅግ ይራራቃሉ። ሴይ ግን ይህን ሁሉ ቀለም ባንድ ስም ሥር አኖረው። በኮኪና ላይ ያልተሳሳተው ዓይን በኳሆግ ላይ ለምን ተሳሳተ?

መልሱ በብዛት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ኮኪና ለተመልካች የምትቀርበው ብቻዋን አይደለም። አንድ እፍኝ አሸዋ ሲዘገን ነጯና ቢጫዋ፣ ቢጫዋና ብርቱካናማዋ፣ መካከላቸውም ያሉት ሁሉ አብረው ይወጣሉ። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ሳይቋረጥ በመዳፍ ላይ ይታያል። ባለ መስመሩ ኳሆግ ግን በተፈጥሮ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል ብቻ የሚገኝ ነው። ብርቅ ነገር ለብቻው ሲታይ ስም ይጠይቃል። ከብዙኃኑ ጋር ሲታይ ደግሞ ዘመዱን ያሳያል። ዝርያ በአንዲት ዛጎል ላይ አይነበብም፤ የሚነበበው በብዙዎቹ መካከል ነው። አንዲት ውብ ዛጎል ስለ ውበት ልታስተምረን ትችላለች፤ ስለ ዘሯ ለመመስከር ግን እኅቶቿን ትጠይቃለች።

የኖታታ ነገር በመጨረሻ የተቆረጠው በማዋለድ ነው። በኮነቲከት ግዛት በሚልፎርድ የባሕር እንስሳት ቤተ ሙከራ፣ ቪክቶር ሉሳኖፍና ባልደረቦቹ ክላምን በገንዳ ውስጥ ማራባትና ጫጩቶቹን አልጌ እየመገቡ ማሳደግ የሚቻልበትን ዘዴ አዳብረው ነበር። ፖል ቻንሊ በዚህ ዘዴ ነጩንና ባለ መስመሩን አዳቅሎ ውጤቱን በ1961 አሳወቀ። መስመሮቹ የሚወረሱት በአንድ የዘረመል ቦታ ነው። ክላሙ ከሁለቱ ወላጆቹ የነጩን ዓይነት ሲወርስ ነጭ ይሆናል፤ ከአንዱ ነጩን፣ ከሌላው ባለ ቀለሙን ሲወርስ ወጣ ገባ መስመር ያወጣል፤ ከሁለቱም ባለ ቀለሙን ሲወርስ መላ ክዳኑ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ባለ መስመሮች ሲዳቀሉ ከልጆቻቸው ሩቡ ያህል ነጭ፣ ግማሹ ያህል ባለ መስመር፣ ሩቡ ያህል ቡናማ ሆነው ይወጣሉ። በአንድ ወቅት የዝርያ ወሰን የመሰለው ነገር፣ በአንድ እናት ልጆች መካከል የሚታይ ልዩነት ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ታሪኩ «ቀለም ያታልላል» ብሎ ቢያበቃ ጎዶሎ ይሆን ነበር። ያ ቀለም ትክክለኛ ትርጉሙ ከታወቀ በኋላ ጠቃሚ ሆነ። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ክላም የሚያረቡ ሰዎች ጫጩቶቻቸውን በመፈልፈያ ካሳደጉ በኋላ ባሕሩ ውስጥ ይዘሯቸዋል። ከዚያ በኋላ የዘሩት የትኛው፣ በራሱ የበቀለው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ባለ መስመር ወላጆችን መርጠው ሲያራቡ ግን ልጆቻቸው የተፈጥሮ ምልክት ይዘው ያድጋሉ፤ በዱር ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሚገኘው መስመር በማሳቸው ላይ በዝቶ ሲታይ የማን እንደሆነ ይመሰክራል። ስለ ዝርያ የተጠየቀ ጊዜ በሐሰት የመሰከረው ቀለም፣ ስለ ወላጅ ሲጠየቅ እውነቱን ተናገረ። ጥፋቱ የምስክሩ ሳይሆን የጥያቄው ነበር ማለት ነው። እያንዳንዱ ምልክት የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከሚያውቀው ውጭ ሲጠይቁት ነው የሚያስተው።

ቀለም ከዘር ሌላ ብዙ ነገር ያውቃል። ስለ ቦታ ያውቃል። አየር በማይደርስበት ጥቁር ጭቃ ውስጥ የቆየ ዛጎል ከጭቃው የብረትና የድኝ ውሕድ ጠቁሮ ይወጣል፤ ያው ዝርያ በንጹሕ አሸዋ ውስጥ ነጭ ነው። ስለ ሞትም ያውቃል። ባዶ የቀረ ክዳን በፀሐይ ይነጣል፤ የብረት ዝገት ባለበት አሸዋ ሲቀበር ደግሞ ብርቱካናማ ይሆናል። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የሞቱ አንዳንድ ዛጎሎች ለዓይን ፍጹም ነጭ ሆነው ሳለ፣ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራባቸው የጥንት ጨረራቸውና ቀለበታቸው ተመልሶ ይታያል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ያነሣነው ዛጎል ቢጫ ሲሆን፣ ቢጫው ከወላጆቹ፣ ከኖረበት ጭቃ፣ ወይም ከሞተ በኋላ ካረፈበት አሸዋ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን ሳይለዩ ስም ማውጣት ሦስት ታሪኮችን ባንድ ላይ መደባለቅ ነው።

ታዲያ ዘሩን የሚናገረው ምንድን ነው? የዛጎል አዋቂዎች ክዳኑን ገልብጠው ውስጡን ያያሉ። ሁለቱ ክዳኖች በሚጋጠሙበት ማጠፊያ ላይ ጥርሶች አሉ፤ ቁጥራቸው፣ አቀማመጣቸውና ቅርጻቸው በየወገኑ የተለየ ነው። ክዳኖቹን የሚዘጉት ጡንቻዎች ተጣብቀው የነበሩበት ጠባሳ ይታያል። ስሱ ሥጋ ከዛጎሉ ጋር የተያያዘበት መስመር በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የእጥፋቱ ጥልቀት እንስሳው ቱቦዎቹን ሰብስቦ የሚያስገባበትን ስፍራ፣ በዚያውም ምን ያህል ጠልቆ ይቀበር እንደነበር ይጠቁማል። ከውጭም ቢሆን ከቀለም ይልቅ የገጹ ሸካራነት ይታመናል። የኳሆግ የቅርብ ዘመድ የሆነው የደቡቡ ወፍራም ክላም ቀለበታማ ሸንተረሮቹ ክዳኑን ሁሉ ሲሸፍኑት፣ በአደገ ኳሆግ ክዳን መካከል ላይ ግን ልስልስ ያለ ስፍራ ይገኛል። የደቡቡ ክላም ውስጡ ብዙ ጊዜ ነጭ መሆኑ ፍንጭ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሐምራዊ የሌለው ኳሆግም ስላለ ፍንጩ ፍርድ አይሆንም። በፍሎሪዳው ኢንዲያን ሪቨር ሐይቅ ደግሞ ሁለቱ ይዳቀላሉ፤ እዚያ የሚገኝ አንድ ክላም ከሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል። ወሰን ያለበትን ማወቅ ዕውቀት ነው፤ ወሰን የሳሳበትንም ማወቅ ዕውቀት ነው።

ሉሲ ሴይን የማስባት እዚህ ላይ ነው። የቶማስ ሴይ ባለቤት ናት። ባሏ ከ1830 ጀምሮ በኢንዲያና ግዛት ኒው ሃርመኒ መንደር ሆኖ ስለ አሜሪካ ዛጎሎች ላሳተመው ሥራ አብዛኛዎቹን ሥዕሎች የሣለችው እርሷ ናት፤ በ1841ም በፊላዴልፊያው አካዳሚ አባል የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቅታለች። ሥዕሎቹ በእጅ ቀለም የሚቀቡ ነበሩ። ሠዓሊ እንደ ጸሐፊ «ቀለሙ ይለያያል» ብላ ማለፍ አትችልም። ብሩሿን ስታነሣ አንድ ቀለም መምረጥ አለባት፤ ከሺው አንዷን መርጣ የሌሎቹ ሁሉ እንደራሴ ማድረግ አለባት። ያችን ሥዕል ከመጽሐፍ ላይ የሚያይ ሰው ደግሞ የተመረጠችውን ቀለም የዝርያው ሕግ አድርጎ ይወስዳል። መጽሐፍ ሁሉ ይህ ድካም አለበት። ሙዚየሞች ለዓይን ተመሳሳይ የሚመስሉ ዛጎሎችን በመሳቢያ ሙሉ ደርድረው፣ እያንዳንዱ የት ቦታና መቼ እንደተገኘ ጽፈው የሚያኖሩት ለዚህ ነው። አንድ ለናሙና በቂ ይመስላል፤ ለእውነት ግን አይበቃም።

ወደ ኮኪና ልመለስ፤ ስለ ልዩነት ያላት ትምህርት አላለቀምና። ይህች ክላም ከማዕበል ጋር ትኖራለች። ባሕሩ ሲሞላ ከአሸዋው ወጥታ በማዕበሉ ወደ ላይ ትወሰዳለች፤ ሲጎድል ወደ ታች ትመለሳለች። ኦላፍ ኤለርስ በ1995 ባወጣቸው ጥናቶች፣ ትልልቅ ማዕበሎች የሚያሰሙትን ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ተቀብላ በዚያ ቅጽበት ከአሸዋው እንደምትዘል አሳይቷል። በዚህ መውጣትና መግባት መካከል ወፎች፣ ዓሦችና ሸርጣኖች ይጠብቋታል። ጋርድነር ሞመንት የተባለ ሊቅ በ1962 በሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ አዳኝ የሚያድነውን መልክ በአእምሮው ቀርጾ ያንኑ መልክ የሚፈልግ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ የተለየ መልክ ያለው መንጋ አዳኙ ፍለጋውን የሚያሳርፍበት አንድ መልክ አይሰጠውም። በዚህ ሐሳብ መሠረት አንዷ ኮኪና ከጎረቤቷ መለየቷ ለራሷ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቷም መዳኛ ነው። ነጯን የሚያውቅ ወፍ ቢጫዋን ያልፋታል፤ ቢጫዎቹ ሲበዙ ደግሞ ነጮቹ ፋታ ያገኛሉ።

ይህን ሳስብ ልዩነትን የምንመለከትበት ልማድ ይገለበጥብኛል። ልዩነት ሲባል ወዲያው የሚታሰበን መከፋፈያ ነው፤ ከዚህ ወዲህ እኛ፣ ከዚያ ወዲያ እነርሱ። ኮኪና ግን ልዩነት በአንድ ዘር ውስጥ የሚቀመጥ፣ የዘሩ የጋራ ንብረት የሆነ ነገር ሊሆን እንደሚችል ታሳያለች። ቢጫነት የቢጫዎቹ ብቻ አይደለም፤ የመላው ዘር ሀብት ነው። ሁሏም ነጭ ብትሆን መለየቷ ይቀል ነበር፤ ወፉም ይቀለው ነበር።

የእስያው የማኒላ ክላም ይህን ትምህርት ወደ ገበያ ያመጣዋል። በ1930ዎቹ ከጃፓን ከተላኩ የኦይስተር ጫጩቶች ጋር ሳይታሰብ ወደ ሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ገባ፤ በ1972 ወደ ፈረንሳይ፣ በ1983 ወደ ቬኒስ ሐይቅ ለእርባታ ተወሰደ። የሁለት ማኒላ ክላሞች ጥለት አንድ ሆኖ ማግኘት ያስቸግራል፤ እንዲያውም የአንዱ እንስሳ የግራና የቀኝ ክዳን ቀለም አንዳንዴ አይመሳሰልም። በአውሮፓ ከጥንት ጀምሮ የኖረው የአገሬው ክላም ደግሞ በቅርጽም በቀለምም ይቀርበዋል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ በቀለም ለመለየት የሚሞክር ይደክማል። ይበልጥ የሚታመነው በሕይወት እያሉ ቱቦዎቻቸውን ማየት ነው፤ በአገሬው ክላም ሁለቱ ቱቦዎች ከሥር እስከ ጫፍ የተለያዩ ሲሆኑ፣ በማኒላው ግን ከፊል ርዝመታቸው ድረስ ተጣብቀው ይወጣሉ። ክላሙ ራሱ ክዳኑን ከፍቶ እስኪተነፍስ የሚጠብቅ ሰው እውነቱን ያገኛል።

እስካሁን የተናገርኩት አንዱን ብዙ አድርጎ ስለማየት ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ብዙውን አንድ አድርጎ ማየት፤ የዚህ ዋጋ ደግሞ ይከብዳል። በቀይ ባሕር ኮራሎች ላይ ግዙፍ ክላሞች ይኖራሉ። የእነዚህ ውበት በክዳናቸው ሳይሆን በክዳኖቹ መካከል ተዘርግቶ ፀሐይ በሚሞቀው ሥጋቸው ላይ ነው፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ወርቃማ ሆኖ ያበራል፤ በዚያ ሥጋ ውስጥም ለክላሙ ምግብ የሚሠሩ ጥቃቅን አልጌዎች ያድራሉ። ቀለሙ ግን በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። በዚህ ሁሉ ድምቀት መካከል ለረጅም ጊዜ በዚያ ባሕር የሚታወቁት ሁለት የግዙፍ ክላም ዝርያዎች ነበሩ። በ2008 ክላውዲዮ ሪክተርና ባልደረቦቹ ሦስተኛ እንዳለ አስታወቁ። ክዳኑ በጥልቅ እጥፋቶች የተሸነተረ ነው፤ የሚገኘው በኮራሉ አናት ላይ፣ እጅግ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው፤ እንቁላሉን የሚጥለው ሌሎቹ ከሚጥሉበት ወቅት ቀድሞ በጸደይ ነው፤ ዘረመሉም የራሱ ነው። በ2011 የወጣ ጥናት ደግሞ ይህ ክላም ቀድሞውኑ ስም እንደነበረው ገለጠ፤ የቪየናው ሩዶልፍ ስቱራኒ የኦስትሪያ መርከብ ከቀይ ባሕር ያመጣችውን ናሙና በ1899 ሰይሞት ነበር። ከ100 ዓመት በላይ ስሙ በመጽሐፍ፣ ዛጎሉ በሙዚየም፣ እንስሳው በባሕር ሆነው ሳይገናኙ ኖሩ።

የሚያሳዝነው ቀጥሎ ያለው ነው። ሪክተርና ባልደረቦቹ እስከ 125,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን የቀይ ባሕር የኮራል እርከኖች ሲመረምሩ፣ ከጥንቶቹ ግዙፍ ክላሞች ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ይህ ዝርያ ነበር። በሕይወት ካሉት መካከል ግን ባጠኗቸው ቦታዎች ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖር ትልቅ ክላም ለሰው እጅ ቅርብ ነው፤ ተመራማሪዎቹም ለመመናመኑ በዋናነት የጠቀሱት በሰው መለቀሙን ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የእንዲህ ያለ ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ባንድነት የሚቆጠር ፍጥረት ሲያልቅ ማንም አያውቅም። ሌሎቹ እስካሉ ድረስ «ክላም አለ» ይባላል። ስም ሳይኖረው የሚሞት ነገር ሞቱ አይመዘገብም። በትክክል መለየት የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ቢመስልም፣ በእንዲህ ያለ ቦታ የመጠበቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ኖታታን ከኳሆግ የለየው ችኮላና የቀይ ባሕሩን ክላም ከጎረቤቶቹ የደባለቀው ቸልታ ለእኔ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። አንዱ ድምቀት ሲያይ ወሰን አየሁ ይላል፤ ሌላው በድምቀት መካከል ወሰን ሲጠፋው የለም ይላል። ሁለቱም መጀመሪያ በታየው ላይ ቆመዋል። ሁለቱንም ያረመው አዲስ ዓይን ሳይሆን ረጅም ሥራ ነው፤ ወላጅና ልጅን በገንዳ ማነጻጸር፣ ክዳንን ገልብጦ ማየት፣ የመራቢያ ወቅትን መጠበቅ፣ በዘረመል መመዘን፣ የቀደሙ ሰዎች የጻፉትን ተመልሶ ማንበብ።

ስለዚህ ዛጎል ለሚለቅም ሁሉ፣ ለልጅም ለዐዋቂም፣ አንድ ልመና አለኝ። ውቧን አንሣ፤ ነገር ግን ከእርሷ ጋር ያልተዋቡትንም አንሣ፤ የተሰበረችውን፣ የነጣችውን፣ ከጎረቤቷ የማትለየውን። የት እንዳገኘኻቸው፣ መቼ እንደሆነ ጻፍ። በሕይወት ያሉትን በስፍራቸው ተዋቸው። ከዚያ ደርድራቸውና ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለውን መንገድ ፈልግ፤ መንገዱ ካልተቋረጠ ምናልባት አንድ ዘር ይዘሃል፤ ከተቋረጠ ወደ ውስጥ ግባና ማጠፊያውን ጠይቅ። ቀለም ይጥራህ፤ ፍርዱን ግን ብዛት፣ ውስጥና ጊዜ ይስጡ። እንዲህ ያየ ሰው የአንዱን ዘር ልዩ ልዩ መልክ ሀብት ብሎ ይጠራዋል፤ ለብቻው የቆመውንም ዝርያ ሳያልቅ በስሙ ያውቀዋል።